የወሰን ድንጋዩ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከደምበጫ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ በአባቴ ማሳ የላይኛው ጥግ አንድ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ወንድሙ የሆነ ሌላ ድንጋይ ደግሞ በማሳው ግርጌ አለ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበሩ መሬቱን በገመድ እየለካ ሲያከፋፍል፣ አባቴና ጎረቤቶቻቸው ሽማግሌ አስመስክረው የተከሏቸው የወሰን ድንጋዮች ናቸው። ወሰን የሚገፋ ሰው በቀላሉ እንዳይነቅላቸው ጠለቅ ተደርጎ ስለተቆፈረላቸው፣ ከመሬት በላይ ይታይ የነበረው ከግማሽ ያነሰው አካላቸው እንደነበር አባቴ ይናገራሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከብት የምጠብቀው በላይኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ ያ ድንጋይ ሁለት መልክ አለው። ከላይ ያለው ክፍል የድንጋይ ሽበት የወረሰው ግራጫ ነው፤ ከእሱ በታች አንድ ስንዝር ያህል፣ ቀይ አፈር ያቀለመውና ሽበቱ ገና ያልበረታበት ሌላ ክፍል አለ። ድንጋዩን ማንም ከፍ አላደረገውም። መሬቱ ነው ከሥሩ ዝቅ ያለው።

ስለዚህ ድንጋይ ለመጻፍ ደጋግሜ አስቤ ትቼዋለሁ፤ ነገሩ ከአንድ ቤተሰብ ማሳ የማያልፍ ይመስለኝ ነበርና። ነገር ግን በተማርሁና ባነበብሁ ቁጥር፣ የምድር ሕይወት የተደገፈባቸው ሀብቶች፣ ውኃው፣ ደኑ፣ አየሩ፣ ከዐለት የሚወጣው ማዕድን ጭምር፣ ተገናኝተው እህል የሚሆኑት ከድንጋዩ ሥር በሄደችው በዚያች ስንዝር አፈር ውስጥ መሆኑን እየተረዳሁ መጣሁ። ተማሪ ቤት ሳለን የተፈጥሮ ሀብቶችን ዘርዝሩ ስንባል ወንዝ፣ ደን፣ ወርቅና የዱር አራዊት ብለን አፈርን ወይ እንረሳው፣ ወይ መጨረሻ ላይ እንጨምረው ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ አፈራችን የጎደለው ገበሬው ሰነፍ ወይም ግድ የለሽ ስለሆነ አይደለም። ጤፉን በቁና፣ ከብቱን በራስ፣ መሬቱን በቃዳ ስንቆጥር የኖርን ሰዎች፣ አፈሩን ግን ሰፍረነው ስለማናውቅ፣ ሲሄድ የሄደ ነገር መኖሩን አላየንም።

ጎጃም የቆመበት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየገነፈለ በወጣ የቀለጠ ዐለት የተሠራ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውና ብዙዎቹ ወንዞቻችን የሚነሡበት ጮቄም፣ በዚያ ላይ በኋላ ዘመን የተቆለለ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። የቀለጠው ነገር ሲበርድ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ አባቴ ለወሰን የተከሉት ዐይነት። ዝናብ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ደካማ አሲድ ሆኖ ይወርዳል፤ ያ ውኃ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን በዘመን ብዛት ያበሰብሰዋል። ሽበት በላዩ ይበቅላል፣ ሥር ይሰነጥቀዋል፣ ቅጠል ወድቆ ይፈርስበታል። ከድንጋዩ የሚለቀቀው ብረት አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ የማሳችን ቅላት እንግዲህ ዝገት ነው። በዚህ ሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር እስኪፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ በላይኛው ድንጋይ ላይ የጎደለው ስንዝር መፈጠር የጀመረው ምናልባት አክሱም ሐውልቶቿን ከማቆሟ በፊት ነው። የሄደው ግን በአንድ ሰው ዕድሜ፣ እኔ በማውቀው ሰው ዕድሜ ነው።

በቀበሌያችን የድሮው አፈር ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚሻ ሰው ወደ ደብሩ መሄድ አለበት። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ ማሳና ግጦሽ ነው፤ ከቅጥሩ ውስጥ ግን ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛውና ብሳናው ተደጋግፈው ቆመዋል። ክረምት ላይ በባዶ እግሩ የገባ ሰው ልዩነቱን በውስጥ እግሩ ያውቀዋል፤ የማሳው መሬት ያዳልጣል፣ የደኑ መሬት እንደ ፍራሽ ይሰረጉዳል። ከዚያ ጥቁር አፈር አንድ የሻይ ማንኪያ ብንወስድ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል፤ የወደቀውን ቅጠል ከሻጋታውና ከትላትሉ ጋር ሆነው አድቅቀው ለዛፉ ሥር መልሰው የሚያቀርቡለት እነዚህ ናቸው። ጥቁረቱ ራሱ ካርቦን ነው። በዓለም አፈር ውስጥ የተከማቸው ካርቦን፣ በአየር ውስጥ ያለውና በዕፅዋት ሁሉ ውስጥ ያለው ተደምሮ ከሚሆነው ይበልጣል፤ ጥቁረቱ የለቀቀ ማሳም ከዚህ ከያዘው ከፊሉን ለአየር መልሶ የሰጠ ማሳ ነው።

በደኑ ላይ የሚወርደው ዝናብ መጀመሪያ ቅጠል ያገኘዋል፤ ኃይሉ ተሰብሮ ይንጠባጠብና ትል በቆፈረው ቀዳዳና ሥር በከፈተው መንገድ ወደ ታች ይሰርጋል። ከደብሩ ግርጌ ያለው ምንጭ ግንቦት ላይ ሌላው ሁሉ ሲነጥፍ የማይነጥፈው በዚህ ምክንያት ነው። እናቴ በበጋ ውኃ የቀዳችው ከዚያ ነው፤ ከየማሳው ሥር የነበሩት ትናንሽ ምንጮች ግን እኔ ሳድግ አንድ በአንድ ሲደርቁ አይቻለሁ። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ተመራማሪ በደቡብ ጎንደር ያሉትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል፤ በአንዳንዶቹም ቦታዎች ምእመናኑ ከየማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ክበው፣ ከብት እንዳይገባ አጥር ሠርተዋል። ሥራው የሚያስደስተኝ በሁለት በኩል ነው፤ ደኑ ችግኝ አወጣ፣ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ።

የሚሄደውን አፈር የመስፈር ሥራ በአገራችን በወጉ የተጀመረው በ1973 ዓ.ም. ነው። የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲያቋቁም ሥራውን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ነበሩ፤ ከዚያ ቀደም በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኃላፊነት የሠሩና የደገኛው ተዳፋት ማሳ እንዴት እንደሚሸረሸር በዚያው ያጠኑ ሰው ናቸው። የምርምር ጣቢያዎቹ በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ እየተባለ በየአየር ጠባዩ ተከፈቱ፤ የጎጃሙ በ1976 ዓ.ም. በአንጀኒ ተተከለ። አንጀኒ ከእኛ ቀበሌ በእግር ይደረሳል። አባቴ የሚያስታውሱት ጎርፍ በመጣ ቁጥር ወደ ወንዙ እየሮጡ ድፍርሱን ውኃ በጠርሙስ የሚቀዱ ሰዎችን ነው። ምን ሊያደርግላቸው ነው ብለው ገበሬዎቹ ሲጠያየቁ ከርመዋል። ውኃው ተጣርቶ፣ ከሥሩ የሚቀረው ጭቃ ደርቆ ይመዘን ነበር። በዚያ አገር አፈር ሚዛን ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጊዜ ይመስለኛል።

ከነዚህ ጣቢያዎች በተገኘው ልኬት ተመሥርተው ሁርኒ ባወጡት ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ቶን ለገበሬ ብዙ አይነግረውም፤ በኩንታል ሲሆን ግን 420 ነው። የአባቴ ማሳ ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት በየክረምቱ 210 ኩንታል አፈር ይሄድበታል። አንዲት አህያ አንድ ኩንታል ብትጭን፣ 210 አህዮች አፈር ተጭነው ከማሳችን ሲወጡ ማለት ነው። አንድ ሌባ ከአውድማው አንዲት ቁና ጤፍ ቢሰርቅ አገር በጩኸት ይነሣ ነበር። ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ጤፍ ደግሞ በአማካይ 20 ኩንታል አይሞላም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኩንታል ጤፍ ከ20 ኩንታል በላይ አፈር እንከፍላለን። እርግጥ የታጠበው ሁሉ ወንዝ አይገባም፤ ከፊሉ ግርጌው ላይ፣ በቁጥቋጦና በድንበር ሣር ሥር ይቀራል። ቢሆንም ከላይኛው ማሳ ሄዷል፤ በስፋቱ ሲታይ ግን ውፍረቱ በዓመት ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይዘል፣ የሦስት የጤፍ ፍሬ ድርድር ያህል በመሆኑ፣ ዓይን አያየውም። ድንጋዩ ነው ያየው።

ለምን እንደሚብስብንም መናገር ይገባል፤ ምክንያቱ ከምንወደው እህል ጋር የተያያዘ ነው። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ጓል ያለበት መሬት አይስማማውም። ማሳው አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል፤ ከዚያም በብዙ ቦታ ከብት ተነድቶበት እየተረገጠ ይለሰልሳል። የሚዘራው ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ኃይለኛ፣ መሬቱ ራቁቱን በሆነበት ወር። የወንዞቻችንን መልክ የተከታተለ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ እንደ ቀይ ወጥ የወፈረው ውኃ፣ እህሉ መሬቱን ካለበሰ በኋላ፣ ወደ መስከረም ሲጠጋ እየጠራ ይሄዳል። ዝናቡ በነሐሴም ብዙ ነው፤ መሬቱ ግን በነሐሴ ልብስ አለው። ይህን የምጽፈው ጤፍን ለመውቀስ አይደለም። ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ሐምሌን እንዴት አድርጎ ማለፍ እንዳለበት ማሰብ አለበት ለማለት ነው።

አባቶቻችን ሳያስቡት አልቀሩም። ጎጃም ውስጥ ከዘር በኋላ በማሳው ላይ በማረሻ አግድም እያጋደሉ የሚቀደድ ቦይ አለ፤ ፈሰስ ይባላል። የሚጠራቀመውን ጎርፍ ከማሳው ያስወጣል፣ ዘሩን ከመታጠብ ያድናል። ችግሩ ግን ፈሰሱ ውኃውን የሚያወጣው ጠርቦ ነው፤ ወሰን ላይ ሲደርስ የሁለት ሦስት ማሳ ውኃ ተጋጥሞ ቦረቦር ይጀምራል። ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. ጥር ወር ሕዝቡ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ዘመቻ ሲወጣ፣ አባቴ እርከኑ በማሳቸው ላይ እንዲያልፍ የፈቀዱት ሳይከራከሩ ነበር። እኔም ለእረፍት ሄጄ አብሬ ቆፍሬያለሁ። እርከኑ የተቀየሰው ግን በዝናብ አጠር አገር እንደሚደረገው ምንም ሳያዘነብል ፍጹም አግድም ሆኖ፣ ውኃውን ባለበት እንዲያቆም ተደርጎ ነበር። ለዚያ አገር ትክክል ነው፤ ውኃው ብርቅ ነውና ይያዛል። የአንጀኒ ጣቢያ የመዘገበው ዝናብ ግን በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ባለ ቦታ እርከን ጥቂት ዘንበል ብሎ ትርፉን ውኃ ወደ ተዘጋጀ የውኃ መውረጃ መስጠት አለበት። ሥራውን የቀየሰው ባለሙያ የተጠየቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራ እንጂ ውኃው በየት እንደሚወጣ አልነበረም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በአንድ ሌሊት የላይኛው እርከን ተጣሰ፤ እሱ ሲጣስ የታችኞቹ ተከታተሉ፤ ጧት ስንነሣ በእኛና በጎረቤታችን ማሳ መካከል በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ተከፍቶ ነበር። አባቴ በዚያ ዕለት የተናገሩት ነገር አልነበረም። ለሁለት ዓመት ግን እርከን የሚል ቃል በቤታችን አይነሣም ነበር፤ ሥራው በግዴለሽነት መሠራቱ ከወሰደብን አፈር ይልቅ እምነታቸውን መውሰዱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጎርፍ ብቻ አይደለም የሚወስደው። ደን ሲጠፋ ማገዶ ይጠፋል፤ ማገዶ ሲጠፋ እበት ኩበት ይሆናል። እናቴ በበጋው ወራት እበቱን ከገለባ ጋር አቡክታ እየጠፈጠፈች ግድግዳው ሥር ስታሰጣ አድጌያለሁ፤ የእንጀራችን እሳት እሱ ነበር፤ ሌላም አልነበረም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ የሚደፋው ግን ጓሮ ነው። የጓሮ ጎመንና በቆሎ የሚያምረው፣ ራቅ ያለው ማሳ የሚገረጣው በዚህ ነው፤ የማሳው ሣርና ገለባ በከብቱ ሆድና በምድጃው በኩል ዞሮ ጓሮ ይከማቻል። ናይትሮጂኑን እንኳ መመለስ ይቻላል። ባቄላ፣ አተር፣ ጓያና ግብጦ በሥራቸው እባጭ ውስጥ የሚያኖሯቸው ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ያለ ዋጋ ያመጡታል። ፎስፈረስ ግን በአየር ውስጥ የለም። የሚገኘው ከድንጋይ ብቻ ነው፤ በዓለም ከታወቀው የፎስፌት ድንጋይ ክምችት አብዛኛው ያለው ደግሞ በሞሮኮና በምዕራብ ሳሃራ ነው። ከዚያ ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ በአሲድ ተብላልቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ በኩንታል የሚሸጥልን ማዳበሪያ፣ በምድጃችንና በጎርፋችን የሰደድነውን ለመተካት የመጣ ነው። የአንድ ቤት ምጣድና የሞሮኮ በረሃ በዚህ ይገናኛሉ።

ተገናኝተውም መሬቱ አይጠግብም፤ ሌላ ነገር ገብቷል። በጎጃም ለጋስ የሆነው ዝናብ በሺዎች ዓመታት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ሲያወርድ፣ የሚቀረው አሉሚኒየም ይበረታል፤ መሬቱም አሲዳማ ይሆናል። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ችግር አለበት። አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ይመርዛል፤ በብድር የተገዛውን ፎስፈረስም ከብረቱ ጋር ሆኖ ይዞ አይለቅም። በእኛ ቀበሌ መጀመሪያ ባቄላ እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ገብስ፤ ከዚያ ሰው እንግዶና ግብጦ ዘራ። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ የኖራ ድንጋይ ፈጭቶ መበተን ነው፤ ኖራውም በዓባይ ሸለቆ ተቆልሎ ይገኛል። ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በአሥራዎቹ የሚቆጠር ኩንታል ስለሆነ፣ መንገድ በሌለበት ቀበሌ በአህያ ተጭኖ ማሳ ድረስ መድረሱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ መሬት ያለው ሰው ባሕር ዛፍ ቢተክል ሊፈረድበት አይገባም። ታላቅ ወንድሜ መሬቱን ከአባታችን ሲረከብ የመጀመሪያ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ አጣና ይሸጣል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ጎርፍ አይወስደውም አለ። አባቴ ደግሞ ባሕር ዛፍ ከበቀለበት ማሳ ጎን እህል እንደማይበረክት በዓይናቸው ስላዩ አልተስማሙም። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ሌላ መንገድ አግኝቷል። ደከረንስ የሚሉትን ግራር ከጤፍ ጋር በአንድ ዓመት ይተክላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ ያጭድበታል፣ ቀጥሎ ሣሩን ይወስዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ እዚያው ከሰል ያከስለውና መሬቱን እንደገና ያርሳል። ዛፉ እንደ ባቄላ ናይትሮጂን ከአየር የሚያመጣ በመሆኑ መሬቱ አገግሞ ይገኛል። ያን አካባቢ በመኪና ሳልፍ ተራሮቹ ለብሰው ባየሁ ጊዜ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ነገር ግን አንድ ዐይነት ዛፍ ብቻ አገር ምድሩን ሲሸፍን አንድ በሽታ ይበቃዋል፤ በቅርብ ዓመታትም ደከረንሱን በሽታ ገብቶበታል። ወንድሜ በመጨረሻ ባሕር ዛፉን ከቦረቦሩ ዳር ብቻ ተክሎ ማሳውን ለእህል ተወው።

የሄደው አፈር የት ገባ ብዬ መከተል የጀመርሁት ከቦረቦሩ በኋላ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ከግንዱ የሚበልጠው ጭነቱ ግን አፈር ነው። የዓባይ ውኃ የግብፅን ማሳ በየዓመቱ በደለል ሲያለብስ የኖረው ለሺዎች ዓመታት ነው፤ ደለሉም በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነበር። በሱዳን የሮዛሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተሠራ በኋላ የውኃ መያዣውን ትልቅ ክፍል ደለል ሞልቶበታል። በጣና ዙሪያ ደግሞ ርብና ጉማራ ይዘውት የሚወርዱት ደለል የፎገራን ሜዳ ሲያሰፋ ኖሯል፤ የላይኛው ገበሬ የጎደለበት በታችኛው ገበሬ ሩዝ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ይህን ስሰማ ቢያንስ አንድ ነገር በአገር ቀረ ብዬ ተጽናንቻለሁ። ሐይቁ ግን ከአፈሩ ጋር የማሳውን ምግብም ይቀበላል፤ በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ እንዲያ የተስፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ንጥረ ነገር ስለመገበው ጭምር ነው። በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት ከውኃው እየተጎተተ ሲወጣ የነበረው አረም፣ ከየተራራው የታጠበው የማሳ ምግብ ነበረበት።

ከእኛ ቀበሌ የሚወርደው ጅረት ግን ጣናን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይገባል። ዛሬ መድረሻው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። አባቴ ለግድቡ ቦንድ ገዝተዋል፤ ሰርተፍኬቱን ከመሬት ደብተራቸው ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንባቸው መጥቶ እንደነበር ወንድሜ በስልክ ነግሮኛል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራው ያ ሐይቅ፣ ውኃውን ብቻ ሳይሆን ውኃው የያዘውንም ይቀበላል፤ ከግድቡ በላይ ባለ ማሳ ላይ በቅጡ የተሠራ እርከን እንግዲህ የግድቡ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ለአንዱ ቦንድ ገዝቶ ሌላውን ለጥር ዘመቻ ሪፖርት ብቻ መተው አይገባም።

ወንድሜ እርከኑን እንደገና የሠራው ከጎረቤቶቻችን ጋር ተመካክሮ ነው። አንጀኒ ሄደው በ1978 ዓ.ም. የተሠሩትን እርከኖች አዩ። ፋንያ ጁ የሚባለው ዐይነት ነው፤ ቃሉ ስዋሂሊ ሲሆን ወደ ላይ አድርገው እንደ ማለት ነው። ቦዩ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይጣላል፤ ከላይ የሚታጠበው አፈር ከዚያ ድንበር ላይ እየተደገፈ ይከማቻል፤ ከዓመት ዓመት ተዳፋቱ ራሱን እያስተካከለ ደረጃ ይሆናል። በአንጀኒ ወንድሜ ያየው ገና በልጅነቱ ዘንበል ያለ ሆኖ የሚያስታውሰውን መሬት ነው፤ አሁን ሜዳ ሆኗል። እነሱም እንደዚያው፣ ግን ዘንበል አድርገው፣ የውኃ መውረጃውን በድንጋይ ለብጠው ሠሩት፤ በድንበሩ ላይ ዴሾ ሣር ተከሉበት። ዋጋም ያስከፍላል፤ ድንበሩ የማሳውን አንድ አሥረኛ ያህል ይወስዳል፣ በሬ ማዞር ያስቸግራል፣ አይጥና ፍልፈል ይሰፍርበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምርቱ ቀንሶ አባቴ ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት ሣሩ ለጥጃ በቃ፤ በአምስተኛው የድንበሩ ላይኛ ጫፍ አፈሩ መጥቆር ጀመረ።

ከዚያ በጥቅምት፣ ጤፉ ሳይታጨድ፣ ወንድሜ ስልክ ደውሎ ለወሰን ጉዳይ ልመጣ እንደሚገባ ነገረኝ። ጠብ የተነሣ መስሎኝ ደንግጬ ሄድሁ። ጠብ አልነበረም። በማሳው ግርጌ፣ በመጨረሻው እርከን ላይ ያለው የወሰን ድንጋይ በአፈር እየተዋጠ፣ ከላዩ አንድ ጣት ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አባቴም ጨርሶ ሳይጠፋ ምስክር ይጠራ ብለዋል። የታችኛው ጎረቤታችንና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ከደብሩ በኩል ረዘም ያለ ጥቁር ድንጋይ በወሳንሳ ተሸክመን አመጣን፤ ከአሮጌው ጎን ጉድጓድ ተቆፈረ። ምን ያህሉ ከመሬት በላይ ይቅር ብሎ ወንድሜ ሲጠይቃቸው፣ አባቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው ጥቂት አሰቡና እጃቸውን ከጉልበታቸው በላይ አንሥተው አሳዩን።